«ፕሪፔር አድርጌያለሁ»

መዘጋጀት፣ ማስተማርና ማስታጠቅ በብስራተ ገብርኤል እንዴት ይነገራሉ?

ቅዳሜ ረፋድ

ከሳር ቤት ቁልቁል የሚመጡት ሚኒባሶች ረዳቶች የሰፈሩን ስም ጨርሰው አይጠሩትም። «ብስራተ! ብስራተ!» ነው ጩኸታቸው። በግዕዝ ደንብ ይህ ቃል ብቻውን አይቆምም፤ የማን ብስራት እንደሆነ የሚነግረውን ተከታይ ይጠብቃል። ተከታዩ መልአኩ ገብርኤል ነው፤ ሰፈሩ የተጠራበት ቤተ ክርስቲያንም እዚያው አለ። ተሳፋሪው ግን ቀሪውን በልቡ ሞልቶ «ወራጅ አለ» ይልና ይወርዳል። በተቆረጠ ቃል መግባባት እዚህ ሰፈር የተለመደ ነው።

ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ በረንዳው ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪና የቤት ለቤት አስጠኚዋ ተቀምጠዋል። ልጅቱ ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና አለባት። አስጠኚው ቅዳሜና እሑድ ከግቢ ግቢ እየዞረ እንግሊዝኛና ሒሳብ የሚያስጠና፣ ጫማው አቧራ የለመደ ወጣት ነው። በያዘው የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ላይ አራት ግሦች ተከበዋል፤ ፕሪፔር፣ ቲች፣ ትሬን፣ ኢኩዊፕ።

«ተዘጋጅተሻል?» ይላታል።

«አዎ ቲቸር፣ ፕሪፔር አድርጌያለሁ።»

«እስቲ ያልሽውን በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ።»

ልጅቱ ሳታቅማማ ጻፈች፦ «አይ አም ፕሪፔር ዘ ኤግዛም»።

አስጠኚው እስክሪብቶ አላነሳም። በአማርኛ ጠየቃት፦ «ፈተና አዘጋጀሁ» እና «ለፈተና ተዘጋጀሁ» አንድ ናቸው? ልጅቱ ሳቀች። ፈተና የሚያዘጋጀው መምህር፣ ለፈተና የሚዘጋጀው ተማሪ መሆኑ ለማን ይጠፋዋል? ነገሩ እንግሊዝኛውም ይህንኑ ልዩነት አጥብቆ ይጠብቃል። «ፕሪፔር ዘ ኤግዛም» የሚል ሰው ጥያቄዎቹን ያወጣው ነው፤ ተማሪው «ፎር» የምትባለዋን ትንሽ ቃል መሀል ላይ ማስገባት አለበት። ልጅቱ በአንድ መስመር ራሷን ፈተና አውጪ አድርጋ ሾማለች። «አም» ካለች በኋላ ግሡን እርቃኑን መተዋም ሌላው ጥፋት ነው።

የገረመኝ፣ ልዩነቱን በአማርኛ ስትጠየቅ ለአፍታም አለመደናገሯ ነው። በእንግሊዝኛም ቃሉን ታውቀዋለች፤ በቀን ስንት ጊዜ ትለዋለች። የጠፋባት በሁለቱ መካከል፣ «ፕሪፔር አደረግሁ» በሚለው ድልድይ ላይ ነው።

> የማያውቁትን ቃል ማስተማር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የሚያውቁት የሚመስላቸው ነው ይላል አስጠኚው።

ሸክሙ ያለው «አደረገ» ላይ ነው

በዚህ አካባቢ ካፌዎች አንድ ማኪያቶ እስኪያልቅ ጆሮውን የሰጠ ሰው እንዲህ ያለውን መስማቱ አይቀርም፦ «ፕሮፖዛሉን እስከ ሰኞ ፕሪፔር አድርጊው»፣ «ስታፉን ትሬን አድርገናል»፣ «ላቦራቶሪውን ኢኩዊፕ ማድረግ ነው የቀረን»። ኤምባሲው፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቱ፣ የውጭ ዜጋ ተከራዩ ቅርብ ነውና አይገርምም። ወደ ላይ ያለውን ሰፈር «ኦልድ ኤርፖርት» እንጂ «አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ» ብሎ የሚጠራውም ጥቂት ነው።

ዓረፍተ ነገሮቹን ፈታ አድርገን እንያቸው። «አድርጊው» የሚለው አንድ ቃል ትእዛዝ መሆኑን፣ የታዘዘችው አንዲት ሴት መሆኗን፣ የሚሠራውም አንድ ነገር መሆኑን ይነግረናል። ጊዜው፣ ጾታው፣ ቁጥሩ፣ ተሳቢው ሁሉ እዚያ ነው። «ፕሪፔር» ምንም አይሠራም፤ ተሸክመው እንደሚያዞሩት እንግዳ ተቀምጧል። ትላንትም ፕሪፔር፣ ነገም ፕሪፔር ነው።

ይህ ወንበር ደግሞ ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። «ዝም አለ»፣ «ብድግ አደረገ»፣ «ከፍ አደረገ»፣ «ቀጥ አለ» ስንል የኖርን ሰዎች ነን። «ብድግ» አይረባም፣ አይዛመድም፤ ሥራውን የሚሠራለት ጎኑ ያለው ረዳቱ ነው። «ቼክ»፣ «ፓርክ»፣ «ዳውንሎድ» እና «ፕሪፔር» የመጡትና የተቀመጡት «ብድግ» ከተነሣበት ወንበር ላይ ነው። ስለዚህም «አማርኛው ሞተ» የሚለው ለቅሶ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። ሰዋስዉ ቤቱን እንዳጠረ ነው። በዚህ ውል የሚጎዳው እንግሊዝኛው ነው፤ ይበልጥም እንግሊዝኛውን በኋላ ለፈተናና ለሥራ የሚፈልገው ልጅ። ግሡ በራችን ላይ ጫማውን እንደሚያወልቅ ሰው የጊዜ ምልክቱንና መስተዋድዱን አውልቆ ይገባል፤ ስንፈልገው ባዶ እግሩን ነው የምናገኘው።

ሙሉ በሙሉ ተላምዶ ዘመድ የሆነ የውጭ ቃል የለም አይባልም። «ፊርማ» ከጣሊያንኛ መጣ፤ አማርኛም ሦስት ፊደል አወጣለትና ፈረመ፣ ይፈርማል፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ ብሎ አረባው። ዛሬ ማንም እንግዳ ነው ብሎ አያስበውም። «ትሬን»ን እንዲህ ላርባ ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለማጅ

በመንገዱ ዳር «ለማጅ» የሚል ታፔላ ያሰረች አሮጌ መኪና ትንፈራገጣለች። መሪውን የያዘችው ወጣት ላብ በላብ ሆናለች፤ አጠገቧ ያለው አሠልጣኝ ድምፁን ሳይጨምር ይናገራል። «ፍሪሲዮን ርገጪ። ማርሽ አስገቢ። ፍሬኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። መስታወት ቼክ አድርጊ። በቃ፣ እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ።»

የአንድ መቶ ዓመት ታሪክ እዚህ ትእዛዝ ውስጥ አለ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ ጣሊያንኛ ናቸው፤ የዕቃ ስሞች። ቼክና ፓርክ ከእንግሊዝኛ የመጡ የድርጊት ቃላት ናቸው። ፈረንሳይኛው ቀድሞ መጥቶ ለገሃርን ትቶልን ሄዷል፤ እሱም የጣቢያ ስም ነው። ጣሊያን ጋራዡን በስም ሞላው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ቢሮውን በግሥ። መርገጥ፣ ማስገባት፣ መልቀቅ ግን፣ እግርና እጅ የሚሠሩት ሥራ፣ በአማርኛው ቀርተዋል።

ታፔላው ላይ ያለው ቃልም ሊታለፍ አይገባም። ለማጅ ማለት የሚለምድ ነው። አለማማጁ የሚሠራው ያ ሰው እንዲለምድ ማድረግ ነው። የአማርኛ የማስተማር ግሦች ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ተማረ፣ አስተማረ፤ ሠለጠነ፣ አሠለጠነ፤ አጠና፣ አስጠና፤ በቃ፣ አበቃ፤ ታጠቀ፣ አስታጠቀ። መጀመሪያ የሚቆመው የሚማረው ሰው ነው። አስተማሪው ከፊት የምትለጠፈዋ «አ» ወይም «አስ» ናት፤ በትምህርት ቤት ሰዋስው አጠራር፣ ባዕድ መነሻ።

> በአማርኛ ተማሪው ሥር ነው፤ አስተማሪው ባዕድ መነሻ።

እንግሊዝኛ እንዲህ አያስብም። «ለርን» እና «ቲች» በመልክ አይገናኙም፤ አንዱን ከሌላው ማውጣት አይቻልም። «ማይ ቲቸር ለርንድ ሚ» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰነፍ አይደለም። አማርኛው ተማሪና አስተማሪን ከአንድ ግንድ ስለሚያበቅል፣ እዚያም ማዶ ግንዱን ፈልጎ ነው። የአስጠኚው ልምድ ይህን ስህተት ከማረም በፊት ማድነቅ ነው፤ ከዚያ ያርመዋል።

ከየኔታ እስከ ቲቸር

ከአራቱ የተከበቡ ግሦች አንዱ እንግዳ ጠባይ አለው። «ፕሪፔር አደረገ» ይባላል፣ «ትሬን አደረገ» ይባላል፣ «ቲች አደረገኝ» ሲል የተሰማ ሰው ግን ብርቅ ነው። «አስተማረ» በቦታው ጸንቷል። እንግሊዝኛው ያሸነፈው በመጠሪያው በኩል ነው፤ ልጅቱ አስጠኚዋን ቲቸር ትለዋለች፣ እናቷም ቲቸር ትለዋለች፣ ጥበቃውም በር ሲከፍትለት «ቲቸር መጣህ?» ይለዋል።

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ «የኔታ» ነበር የሚለው፤ የኔ ጌታ ማለት ነው። በቀለም ትምህርት ቤት ደግሞ «ጋሼ» እና «እትዬ» ዘመን ነበራቸው፤ መምህሩ እንደ ታላቅ ወንድም፣ መምህርቷ እንደ ታላቅ እህት። አሁን ቲቸር። ጌትነቱም ዝምድናውም ቀርቶ ሥራው ብቻ መጠሪያ ሆነ። ይህን እንደ ኪሳራ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን የኔታን ከነአለንጋቸው ለማስታወስ በቂ ዕድሜ አለኝ።

ግሥን በቃል መያዝ ፈረንጅ ያመጣብን ነገር አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤት ያደገ አንድ መሪጌታ፣ ማታ ማታ ተማሪው ተሰብስቦ ግሥ ሲገስስ የነበረውን ድምፅ ዛሬም ጆሮው ውስጥ እንዳለ ይናገራል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ እየተባለ ስምንቱ አርእስተ ግሥ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሌላው የግዕዝ ግሥ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ መልክ ይረባል። ግን በዋሸራም ሆነ በሌላው የቅኔ ቤት ግሥ የገሰሰ ሁሉ ግሥ አወቀ አይባልም። ግሡን ቅኔ ውስጥ አስገብቶ፣ በመምህሩ ፊት ዘርፎ፣ ሲሳሳት ተነቅፎ ሲመለስ ነው የሚያውቀው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅም ይገስሳል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ቲች፣ ቶት፣ ቶት።» እኛም ስድስተኛ ክፍል ሳለን እስክንደነቁር ጮኸነዋል። መምህራችን ዝርዝሩን በሦስት ዓምድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው እኛ በዜማ እንቀበል ነበር። ዜማው እስከ ዛሬ አለኝ፤ «ቶት» የሚለውን አረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቼ ያወራሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከቅኔ ቤቱ ግማሹን ወርሰን ግማሹን ጥለነዋል፤ መገሰሱ መጣ፣ መዝረፉ ቀረ።

የምንገስሰውን ቋንቋ የመረጥነው ግን እኛ አይደለንም፤ የእንግሊዝኛ ዕድል በዚህ አገር ሁልጊዜ ከላይ በሚመጣ ውሳኔ የተወሰነ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ የግብፅ ኮፕቶች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታትም የተማረ ሰው ምልክቱ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ወንበሩን እንግሊዝኛ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች፣ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች፣ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበተኑ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጎ፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀመጠው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ቴሌቪዥን እንግሊዝኛውን እንደ ጎርፍ ያወርደው ነበር፤ መምህሩ ጎን ቆሞ ያይ ነበር፤ ተማሪው «ምን አለ?» ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ትምህርቱ አልቆ ሙዚቃው ይጀምር ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች አሁን ወላጅ ሆነዋል፤ ለልጆቻቸው አስጠኚ የሚቀጥሩትም እነሱ ናቸው።

ከመርከብና ከወገብ

«ኢኩዊፕ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩን ግን ሊቃውንቱ ወደ ጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ቋንቋ ይወስዱታል። መርከብን ለጉዞ ማሰናዳት ማለት ነበር። የእኛ «አስታጠቀ» ባሕር አያውቅም። ታጠቀ ማለት ወገቡን በመቀነት ወይም በዝናር አሰረ ማለት ነው፤ ተራራ የሚወጣ ሰው፣ የሚዘምት ሰው፣ የሚያጭድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው።

> የእነሱ ከመርከብ፣ የእኛ ከወገብ።

ይህ ግሥ በታሪካችን ውስጥ እንደ ሰው ይመላለሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ነበሩ። በጋፋት የነበሩትን የውጭ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አፍስሱ ብለው ሲያስጨንቁ፣ የአገሬውም ልጅ አብሮ እንዲማር ያደረጉት እኒሁ ባለ ታጠቅ ናቸው። በአብዮቱ ዘመን «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» የሚል መፈክር በየግድግዳውና በየስብሰባው ተሰማ፤ «ንቃ! ተደራጅ! ታጠቅ!» ሲባል የሰማ ሰው ሦስቱን ግሦች ለያይቶ መጥራት ዛሬም ይቸግረዋል። በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያው የሠለጠነው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው። የፈረስ ስም፣ መፈክር፣ የጦር ሰፈር፤ አንዲት የትእዛዝ ግሥ ይህን ሁሉ ሆናለች። ዛሬ «የስፖርት ትጥቅ» ብለን ማሊያና ቁምጣ የምንገዛበት ቃልም እሱው ነው።

ከዚያ የምረቃ ንግግሩ መጣ። «በዕውቀትና በክህሎት የታጠቀ ትውልድ» የማይል የምረቃ ንግግር የለም። ቃሉ አማርኛ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከእንግሊዝኛው የተቀዳ ይመስለኛል። የድሮ ሰው ዕውቀትን ይገበያል፣ ይቀስማል፣ ይቀጽላል፤ ወገቡ ላይ አያስረውም። አሁን ግን ለምዶብናል፤ ልምዱም ሌላ ወጥመድ አለው። አማርኛው «በ» ስለሚል ተማሪው «ኢኩዊፕድ ባይ» ብሎ ይጽፋል፤ እንግሊዝኛው «ዊዝ» ነው የሚፈልገው። ሆሄውም ተንኮለኛ ነው፤ ያለፈ ጊዜ ሲሆን «ፒ» ትደገማለች፣ «ኢኩዊፕመንት» ላይ ሲደርስ እንደገና አንዲት ትሆናለች። በከተማው ከተሰቀሉት የሕክምና መሣሪያ መሸጫ ታፔላዎች ስንቶቹ በትክክል እንደጻፏት መቁጠር ለሥራ ፈት የሚሆን ጥሩ ጨዋታ ነው።

አበል ያለው ግሥ

«ሥልጣን»፣ «ሥልጣኔ» እና «ሥልጠና» ወንድማማቾች ናቸው። ሠለጠነ ማለት በግዕዙ ኃይል አገኘ፣ ገዛ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ሙያ ያወቀውም፣ ጠባየ ሰናዩም፣ በወረፋ የሚቆመውም «የሠለጠነ» ይባላል። «አልሠለጠነም» ስድብ ነው። የእንግሊዝኛው «ትሬን» ከእነዚህ ክብሮች አንዱም የለውም፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ መሠረቱ መጎተት ነው። የሚጎተተው ባቡርም፣ ሙሽራ ከኋላዋ የምትጎትተው የቬሎ ጭራም በዚሁ ቃል ይጠራሉ።

ታዲያ ክብር ያለው ቃል እያለን የጎታቹን ለምን መረጥን? አንድ የድርጅት ሠራተኛ ሳቅ እያለ የሰጠኝ መልስ «ሥልጠና ሲሉኝ ፉጨትና ሰልፍ ይመጣብኛል፤ ትሬኒንግ ሲሉኝ ቢሾፍቱ ይመጣብኛል» የሚል ነው። ሆቴሉ፣ የሻይ ዕረፍቱ፣ ቦርሳና እስክሪብቶው፣ አበሉ። እኔ ደግሞ አንድ የምጨምረው አለ። ለአዋቂ ሰው «ላሠልጥንህ» ማለት «እስካሁን አልሠለጠንክም» የሚል ሽታ አለው። «ትሬኒንግ አለ» ሲባል ግን ማንም አይቀየምም። የውጭ ቃል አንዳንዴ የሚፈለገው ባዶ ስለሆነ ነው።

የሚያሳስበኝ ይህ አይደለም። ይልቅ ሥልጠናው ራሱ የሚወሰድ ነገር መሆኑ ነው። ድሮ ሰው ሠለጠነ ይባል ነበር፤ አሁን «ሥልጠና ወሰደ»፣ እንደ ክኒን። ተዘጋጁ ማለት ቀርቶ «ዝግጅት እየተደረገ ነው»፣ አስተማሩ ማለት ቀርቶ «ትምህርት ተሰጠ» ሆኗል። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለበትም፣ ግን ግሡ ሞቶ ስም ሆኖ ይቀርባል፤ ማን ምን እንዳደረገም አይታወቅም። ዜና የሚሰማ ሰው ከ«ፕሪፔር» ይልቅ ይህን ቢፈራ ይሻለዋል። «ቲኦቲ ወሰድኩ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ሲተረጎም አሠልጣኞችን ማሠልጠን ነውና፣ ባዕድ መነሻው በባዕድ መነሻ ላይ ተደርቧል።

በ1994 ዓ.ም. የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ሲቋቋም «መገንባት» የሚለውን ግሥ ከሕንፃ አውጥተን ሰው ላይ አዋልነው። ከዚያ «ማብቃት» ተስፋፋ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ የቤት ሠራተኞች በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ ሲጠየቁ «ሲኦሲ» በየደላላው ቢሮ የሚነገር ቃል ሆነ። አበቃ ግን ሁለት ፊት ያለው ግሥ ነው። «ለቁም ነገር አበቃው» ይባላል፣ «ነገሩ አበቃ»ም ይባላል። በሠርተፍኬቱና በችሎታው መካከል ያለውን ርቀት የሚያውቁ ሰዎች በዚህ ቃል ሲቀልዱ ሰምቻለሁ።

ዘበኛው፣ ደላላውና የማዳም ቤት

በዚህ ሰፈር ደላላ አፍ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ሦስተኛ ቅርጹን ሳይጥል ይኖራል። «ፈርኒሽድ ነው»። «ፈርኒሽ ነው» ያለ ደላላ የለም። መጨረሻዋ «ድ» በዋጋው ውስጥ አለችና አትጣልም፤ «ፎርጅድ» ላይም እንደዚያው። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ምንጣፍ፣ ማንኪያ ሳይቀር የተሟላለት አፓርታማ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ዋጋ ሲኖር ሰዋስው ይጠበቃል። አንድ የግቢ ዘበኛ ለተከራይ ቤት ሲያሳዩ «ሙሉ ዕቃ ያለው» ይላሉ፤ ደላላው ቀበል አድርጎ «ፈርኒሽድ» ሲል ዋጋው ይወጣል።

ከዚያም የማዳም ቤት አለ። ለዓመታት በፈረንጅ ቤት ወጥ ቤት የሠራች አንዲት ሴት፣ ሦስተኛውን ቅርጽ በዜማ አላጠናችም፤ ትምህርቷም ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን «ፕሪፔር ዘ ቴብል ፎር ሲክስ ፒፕል» ስትል «ፎር» ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ቃሉን የተቀበለችው ሙሉ ሆኖ፣ ሳህኑና ወንበሩ ፊቷ ተቀምጦ ነው። ቾፕ፣ ፒል፣ ስላይስ የሚሉትን ካሮት በእጇ ይዛ ለየቻቸው። እንግሊዝኛ የኩሽና ግሥ አጥሮት አያውቅም፤ ወደ ቢሮአችን ተሻግሮ የሚመጣልን ግን አጠቃላዩ ብቻ ነው።

ለበዓል ወደ ራሷ ቤት ስትመለስ «ዶሮ አዘጋጀሁ» ማለት እንኳ አይሆንላትም። ዶሮው ይበለታል፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል ይቁላላል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ጤፉ ይበጠራል ይነፋል፣ ሊጡ ይቦካል፣ አብሲት ይጣላል። ጠላው ይጠነሰሳል፤ ማሰሮው በወይራ ይታጠናል። ስንቅ ይሰነቃል፣ ጓዝ ይሸከፋል፣ ሠርግ ይደገሳል፣ በሬ ይጠመዳል፣ በቅሎ ይገራል፣ ክራር ይቃኛል። ሁሉም «ማዘጋጀት» ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይገባም። በቅሎ ሲነጠር፣ ቅቤ ሲገራ ማሰብ ነው።

መዝገበ ቃላት ሠሪዎች ይህን ችግር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ፈትቶ አያልፍም፤ ዓረፍተ ነገር እየሠራ፣ በየዓረፍተ ነገሩ የሚስማማውን አማርኛ እያመጣ ይሄዳል። አስጠኚው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘውና የወደደው ይህንን ነው። ፎቶ ኮፒ ጥራዙንም በዚያ መልክ ነው ያዘጋጀው። ወይም ያሰናዳው።

ጭስ

በረንዳው ላይ ልጅቱ መስመሯን አስተካክላለች፤ «አይ ሃቭ ፕሪፔርድ ፎር ዘ ኤግዛም»። ከኋላ በኩል የሚቃጠል ጎመን ዘር ሽታ መጣ። እናቷ በኩሽናው በር ብቅ አሉ።

«ቲቸር፣ ጭሱ እንዳያስቸግራችሁ። አዲስ ምጣድ እያሟሸሁ ነው።»

ልጅቱ ቀና አለች። «ማሟሸት» የሚለውን ቃል የምታውቀው «ጉሮሮዬን ላሟሽ» ከሚለው ብቻ ነበር። ምጣድ ጉሮሮ የለውም። አስጠኚው ነገራት፤ አዲስ ምጣድ እንጀራ እንዳይዝ በጎመን ዘር እየታሸ፣ እየጋለ ይለማመዳል።

«በእንግሊዝኛስ ምን ይባላል?»

አስጠኚው «ፕሪፔር» ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ትንሽ አሰበ።

«ሲዝን።»

«ሲዝን ክረምትና በጋ አይደለም እንዴ፣ ቲቸር?»

«እሱም ነው።»

ልጅቱ ደብተሯን አዙራ አዲስ መስመር ጀመረች። ሦስት ዓምድ አሰመረች፤ ሲዝን፣ ሲዝንድ፣ ሲዝንድ። ከዚያ አራተኛ ዓምድ ጨምራ «ምጣድ» ብላ ጻፈች።